ባቡራችን «በድንገት ኮላፕስ» አላደረገም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ድሬዳዋ ላይ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። ከዚራ ቡና የምጠጣባት ደጃፍ ላይ ጋዜጣዋ ከእጅ እጅ ስትዞር ዋለች፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ጥጓ በስኳር ተለጣጥፎ ነበር። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ግን ይህ ዐረፍተ ነገር ተቀምጧል፦ «መቶ ዓመት ያገለገለው ባቡር በድንገት ኮላፕስ አደረገ።»

ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ በኪሴ መያዝ አልተውኩም። ሁለቱን ቃላት አከበብኳቸው። አንደኛው «በድንገት» ነው፣ ሁለተኛው ያው የተዋሳችሁት።

ከሥር በሳጥን «ጠቃሚ የእንግሊዝኛ ቃላት» ብላችሁ ኮላፕስ፣ ክራሽ፣ ኢምፕሎድ፣ ሜልትዳውን ደርድራችኋል። ፍቺያቸውስ? «በድንገት መውደቅ»፣ «በድንገት መውደቅ»፣ «መፈንዳት»፣ «በድንገት መውደቅ»። ቦታ ለመቆጠብ ከሆነ «ዝኒ ከማሁ» ማለት ይበቃ ነበር።

ኮላፕስ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ አብሮ መንሸራተት ማለት ነው። ደግፎ የያዘው ነገር ሲከዳው በራሱ ላይ ክምር የሚል ነገር ኮላፕስ አደረገ ይባላል። ጣሪያም፣ ሳንባም፣ ሰውም። የዴንማርኩ ኳስ ተጫዋች ኤሪክሰን በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሜዳ ላይ ሲወድቅ የእንግሊዝኛው ዘገባ በዚሁ ቃል ነበር የገለጸው። የእኛ ሰው «ተዝለፍልፎ ወደቀ» ይላል፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ከየትም አይመጣም። ልጁ ድኖ ተመልሶ ኳስ ተጫውቷል። እንግዲህ ኮላፕስ ያደረገ ሁሉ አይቀበርም።

ክራሽ ከድምፁ የተወለደ ቃል ነው። አውሮፕላን ሲከሰከስ ይሰማል፤ በ1929 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅም ሰዉ በጆሮው የሰማው ያህል ስለደነገጠ ይህንኑ ቃል ሰጠው። ሜልትዳውንን ዓለም የለመደው ከኑክሌር ማብላያ ነው። ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ሙቀቱ ይከማቻል፣ ነዳጁ ይቀልጣል። ፉኩሺማ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኸው ነው፤ ሰዓታት ፈጅቷል። «በድንገት» የምትሉት የቱን ነው?

ኢምፕሎድን «መፈንዳት» ማለታችሁ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ከታይታኒክ ስብርባሪ አጠገብ አምስት ሰው ይዛ የጠፋችው ሰርጓጅ መርከብ ታይታን በሰኔ 2015 ዓ.ም. የሆነችውን አስታውሱ። ያች መርከብ አልፈነዳችም። የውኃው ክብደት ከውጭ ተጭኖ ጨፈለቃት። መፈንዳት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ መጨፍለቅ ከውጭ ወደ ውስጥ። ዘጋቢያችሁ ይህን ለመረዳት ባሕር መግባት አያስፈልገውም። ሐረር ላይ አንድ ሃይላንድ ውኃ ይጠጣ፣ ባዶውን ክዳኑን አጥብቆ ይዝጋና ሚኒባስ ይሳፈር። ደንገጎን ጠመዝማዛውን ወርዶ ድሬ ሲደርስ ጠርሙሱ ጭምድድ ብሎ ያገኘዋል። ማንም አልረገጠውም። ሐረር ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ድሬ ቆላ ስለሆነ ከውጭ ያለው አየር ይጫነዋል። ተማሪዎቼን ያስተማርኩት በዚህ ነበር፤ አንድም «ፈነዳ» ያለ ልጅ አላጋጠመኝም።

(በነገራችን ላይ ኤክስፕሎድ የሚለው ቃል ጥንት ተዋናይን በጭብጨባ ከመድረክ ማባረር ማለት ነበር። የእሑዱን ጽሑፍ ሳነብ እጄን የበላኝ ለካ ለዚህ ነው።)

አሁን ወደ ባቡሩ። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላልሆነለት እዚህ ቆመ፤ ከተማችንም ከዚያ ተወለደች። አባቴ በባቡሩ ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ነው ያረጀው። መለዋወጫ ሲጠፋ ራሱ እየቀረጸ ይተካ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ስለጠፋው ዕቃ ያወራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስለሌላ። ሐዲዱ አረጀ፣ ሎኮሞቲቮቹ አንድ በአንድ ቆሙ፣ ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው። የአዲስ አበባው መስመር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጸጥ ሲል ሰፈራችን ውስጥ የደነገጠ ሰው አልነበረም። ያለቀሰ ነበር።

ድንገትን እናውቀዋለን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ያ ድንገት ነበር፤ ተኝተው የነበሩ ሰዎች ናቸው የሄዱት። ይህን ቃል ለባቡሩ ስትሰጡት ለእነርሱ ምን ታስቀራላችሁ?

አማርኛ ቃል አጥቶ ከሆነ ይነገረኝ። ካብ ይናዳል፣ ጉድጓድ ይደረመሳል፣ ዛፍ ይገነደሳል፣ ነጋዴ ይከስራል። ከመውደቁ በፊት ላለውም ቃል አለን፤ ይዘማል። ባቡራችን ዘመመ። ዘሞም ብዙ ዓመት ቆየ፣ ሁሉም እያየው። አንድ የሐረር ወዳጄ ዓረፍተ ነገሯን አንብቦ «አደራ፣ ይህ ሰው ስለ ጁገል ግንብ እንዳይጽፍ» ብሎኛል።

ለአንዲት ቃል ይህን ያህል መቆጣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ሰፈራችን ቦይ ሲቆፈር የግንብ አጥሬን መሠረት አራቆቱት። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ። በሦስተኛው ላይ አጥሩ ምን ያህል እንደዘመመ በቱምቢ ለክቼ «11 ሳንቲ ሜትር» ብዬ ጻፍኩ። ክረምት ገባ፣ አንድ ሌሊት ተደረመሰ። የመጣልኝ መልስ እነሆ፦ «አጥሩ በድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ የፈረሰ በመሆኑ መሥሪያ ቤታችንን አይመለከትም።» ድንገተኛ! ሦስት ማመልከቻ ከነቁጥሩ ፋይላቸው ውስጥ ተቀምጦ! «ድንገት» ተብሎ ሲጻፍ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አብሮ እንደሚሰረዝ ያን ቀን ገባኝ። ባቡሩ ላይ ስትጽፉትም ያው ስሜት መጣብኝ።

ከዚህ በፊት ሁለት ደብዳቤ ልኬ አልወጣም። የመጀመሪያው ረዝሞ ነበር፣ እቀበላለሁ። ሁለተኛው ግን ስድስት መስመር ነበር።

የምጠይቀው በሚቀጥለው እትም «በድንገት ኮላፕስ አደረገ» የሚለው «ለዓመታት ዘሞ ቆመ» ተብሎ እንዲታረም ነው። ስለ ኢምፕሎድ ዘጋቢያችሁ አሁንም ከተጠራጠረ ከሐረር ይዤ የወረድኩት ጠርሙስ ቡና ቤቷ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አለ። መጥቶ ይየው፤ ክዳኑን ግን እንዳይከፍትብኝ።

ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ