ኒቆዲሞስ አልሞተችም፤ ታውንሺፕም ከተማ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ስላለችው ኒቆዲሞስ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ባቡር ጥሏት ያለፈ የጥቁሮች ከተማ ሞተች» ይላል ርዕሱ። በሁለተኛው ንባብ ይበልጥ ተናደድኩ።

የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። አንድ ክረምት 70 ቁጥር አውራ ጎዳና በበረዶ ተዘጋና በ24 ቁጥር መንገድ ዞርኩ። ኒቆዲሞስ የሚል ሰሌዳ ሳይ ክው አልኩ። ከሆሳዕና በፊት የምናስበው ሰንበት ስም በካንሳስ ሜዳ መሀል! መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። በረዶው በሳሳበት በኩል አረንጓዴ ስንዴ ብቅ ብሏል። ይህን ስንዴ የዘራው ማን ነው? ሙት?

ስህተታችሁ ከአንድ ቃል ይጀምራል። «ታውንሺፕ»ን «ከተማ» አላችሁት። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1785 ባወጣው ሕግ መሬቱን 6 ማይል በ6 ማይል እየሸነሸነ መለካት ጀመረ። አንዱ ካሬ 36 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል 640 ኤከር ነው። በሚድዌስት፣ ማለትም በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ ታውንሺፕ የሚባለው የገጠር አስተዳደር የቆመው በዚህ ልኬት ላይ ነው። አንድ ታውንሺፕ ከአንድ ካሬ በላይም ሊይዝ ይችላል። ለእኛ ሰው የገጠር ቀበሌ ብትሉት ይቀርበዋል። ከተማ ካለች እዚያ ውስጥ አንዲት ነጥብ ናት።

ይህን ሳይለዩ የኒቆዲሞስን ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ሰዎቹ እ.ኤ.አ. በ1877 ከኬንታኪ ሲመጡ ከባርነት ከወጡ ገና 12 ዓመታቸው ነበር። ለቤት የሚሆን እንጨት አልነበረም። መሬቱን ቆፍረው ገቡበት። በዓመቱ የደረሰችው ዊሊና ሂክማን ኒቆዲሞስ የት እንዳለች ብትጠይቅ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ አሳዩዋት። አለቀሰች። ማረሻ ያልነበረው በዶማና በአካፋ ቆፈረ። በመጀመሪያው ክረምት ከአደን የሚመለሱ ኦሴጆች፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ፣ ምግብ አካፈሏቸው።

እ.ኤ.አ. በ1888 ባቡሩ ከሰለሞን ወንዝ በስተደቡብ አለፈ። ነጋዴው ሱቁን እየነቀለ ወንዙን ተሻግሮ ቦግ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ከተማዋ ተጎዳች፤ እዚህ ላይ ልክ ናችሁ። ገበሬው ግን ማሳውን ነቅሎ የት ይወስደዋል? ብዙዎቹ እዚያው ማረሳቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1939 የታውንሺፑ አዳራሽ በኖራ ድንጋይ ተሠራ። ሞተች ካላችሁ፣ ባቡሩ ካለፈ ከ51 ዓመት በኋላ አዳራሹ ለማን ተሠራ? ኤድዋርድ ማኬብንስ ለምን አንድ መስመር ነፈጋችሁት? ከኒቆዲሞስ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1882 የካንሳስ ግዛት ዋና ኦዲተር (የሒሳብ መርማሪ) ሆኖ የተመረጠ ጥቁር ሰው ነው።

ነገሩ ለእኔ አዲስ አይደለም። የምኖረው ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ወጣ ብሎ ባለ ታውንሺፕ ነው። አምና ስለ መንገዳችን በረዶ ጠረጋ አስተያየት ልኬላችሁ ነበር። ቃሌን ሰርዛችሁ «ከተማችን» አላችሁብኝ። ጓደኞቼ «ከንቲባችሁ ደህና ነው?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ከረሙ። ከንቲባ የለንም። ታውንሺፑን የሚመሩ ሦስት ተመራጮች አሉን። አንዱን ነዳጅ ማደያው ጋ አገኘዋለሁ፤ ስለ መንገዱ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። እንዲህ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ከእኛም ልጆች ብዙዎች ቤት እየገዙ ወደዚህ እየወጡ ነው። ስለሚኖሩበት ቦታ በአማርኛ ሲያነቡ ግን ቦታው የለም፤ ወይ ከተማ ነው፣ ወይ ባዶ ሜዳ።

እርማት አውጡ። ርዕሱንም ቀይሩት። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ የኒቆዲሞስ ልጆች ካሉበት አገር ተሰብስበው ይመጣሉ። ዘጋቢያችሁን ያኔ ላኩት። መቼ እንደሞቱ ራሳቸውን ይጠይቃቸው።

አንባቢያችሁ
ከኦሃዮ