ጀበናው እስኪፈላ

እማዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጅማ ዝናቡ ጠንክሯል ሲሉኝ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው።

ለኢድ መጥቼ ወንበር ላይ ሆነሽ ስትሰግጂ አየሁሽ። መስገጃሽ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል። ምንም አላልኩሽም። ግን አዲስ አበባ እስክገባ መንገዱን ሁሉ እሱን ሳስብ ነበር። ልጅ ሆኜ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግር ይዘሽኝ ትወጪ ነበር። ዳገቱ ላይ ደክሞኝ ስቆም እጄን የምትጎትቺው አንቺ ነበርሽ።

በስልክ ዮጋ ስልሽ «እሱ የህንዶች ነገር ነው» ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። እውነትሽን ነው፣ የመጣው ከህንድ ነው። ከሃይማኖታቸው ጋር የተሳሰረ የቆየ ታሪክ አለው፤ አልደብቅሽም። እኔ የያዝኩት ሰውነት ማፍታታቱንና አተነፋፈሱን ብቻ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው። አባባ በሬ ሲጠምድ ትዝ ይልሻል? አንዱ ቀድሞ ከሄደ እርሻው ይበላሻል። እዚህም እንደዚያው ነው። ትንፋሽና ሰውነት እኩል ይሄዳሉ። ደስ የሚልሽ ነገር ልንገርሽ፤ ዩኔስኮ ዮጋን ቅርስ ብሎ የመዘገበው በአውሮፓውያኑ 2016 አዲስ አበባ በተካሄደ ስብሰባ ነው። የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው እዚያው ስብሰባ ላይ ነው።

እኔ የጀመርኩት ወገቤ ሲያስቸግረኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እንደምውል ታውቂያለሽ። አሁን ወገቤ ቀሎኛል፣ እንቅልፌም ተስተካክሏል። ማታ ሐሳብ ሲበዛብኝ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ፤ ወደ ውጪ የማወጣውን ረዘም አደርገዋለሁ። የልብ ምቴ ረገብ ሲል ይታወቀኛል።

ላንቺ ያሰብኩት ቀላል ነው። በርጩማው ላይ አይሆንም፤ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጪ። እግርሽ መሬት ይርገጥ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ አየር ስትስቢ ደረትሽን ከፈት አድርጊው። ስታወጪ ጀርባሽን ትንሽ ጎበጥ። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ወንበሩን ይዘሽ ቁሚና ተረከዝሽን ቀስ እያልሽ አንሺ፣ አውርጂ። ይሄኛው እግርን ያጠነክራል፣ ሚዛን ለመጠበቅም ይረዳል። እኔን የሚያስፈራኝ መውደቅሽ ነው።

ደም ግፊት ስላለብሽ ትንፋሽሽን አፍነሽ አትያዢ። ጭንቅላት ወደ ታች የሚደፋበትን እንቅስቃሴ ጭራሽ አትሞክሪው። ካመመሽ ወዲያው ተዪው። መድኃኒትሽን ደግሞ አንድም ቀን እንዳታቋርጪ፤ ዮጋ እሱን አይተካም። ከመጀመራችን በፊት ሐኪምሽን ጠይቂልኝ።

መስገጃው ላይ ይመልስሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ከወንበር ስትነሺ ጠረጴዛውን ሳትደገፊ ብትነሺ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪሙ እሺ ካለ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እደውላለሁ። እህቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ታቁምልሽ። እኔም እዚህ ወንበሬን አዘጋጃለሁ። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጀበናውን ጣጂውና ቡናው እስኪፈላ እንጨርሳለን።

የምትወድሽ ልጅሽ