ደብዳቤ ለልጄ፦ «ፔዮላ» ስለሚባለው ቃል

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በደብዳቤሽ «ፔዮላ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከተራ ጉቦ በምን እንደሚለይ ጠይቀሽኛል። ቃሉ የአሜሪካ የሙዚቃ ንግድ የወለደው ሲሆን፣ የሬዲዮ አዘጋጅ አንድን ዘፈን ደጋግሞ እንዲያሰማ ከሸክላ አሳታሚዎች በስውር የሚቀበለውን ክፍያ ያመለክታል። «ፔይ» ማለትም ክፍያ፣ «ቪክትሮላ» በመሳሰሉ የሸክላ ማጫወቻዎች ስም መጨረሻ ላይ ከሚገኘው «ኦላ» ጋር ተዳብሎ የተፈጠረ ሲሆን፣ ከ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። በእኔ አስተያየት የቃሉ ቀልደኛነት ራሱ ነውሩን ያለዝበዋል።

ክፍያው ሁልጊዜ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ አልነበረም። «ሮክ ኤንድ ሮል» የሚለውን ስያሜ በሬዲዮ ያስፋፋው አዘጋጅ አለን ፍሪድ፣ ዘፋኙ ቸክ ቤሪ በ1955 ባወጣው የመጀመሪያ ሸክላው ላይ በድርሰቱ ሳይሳተፍ የድርሰቱ ተጋሪ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ ስለዚህም ዘፈኑን ባሰማ ቁጥር ለራሱም ገቢ ያስገኝ ነበር። በ1959 ይሠራበት የነበረው የኒውዮርክ ጣቢያ ምንም ክፍያ አልተቀበልኩም ብሎ እንዲፈርም ሲጠይቀው እምቢ በማለቱ ተባረረ፤ በ1962 ጥፋተኝነቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጣ፤ በ1965 በ43 ዓመቱ አረፈ። በ1960 የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ፔዮላ ባካሄደው ምርመራ የቀረበው የቴሌቪዥን የሙዚቃ አዘጋጅ ዲክ ክላርክ ግን በሙዚቃ ኩባንያዎች የነበረውን ድርሻ አስቀድሞ በመሸጡ ሥራውን ይዞ ቀጠለ።

ለጥያቄሽ ዋናው መልስ ያለው በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ነው። ሕጉ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ሆኖም ገንዘብ ተቀብሎ ዘፈን ማሰማትን አይከለክልም። የሚከለክለው ክፍያውን ከጣቢያውና ከአድማጩ መደበቅን ነው፤ «ይህ የተከፈለበት ነው» ተብሎ በአየር ላይ ከተነገረ ጉዳዩ ማስታወቂያ ሆኖ ያልፋል። ጉቦ ግን ቢነገርም ጉቦ ነው።

ሰሚ ያጣ ሕግ ነው ብትዪ አልፈርድብሽም። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ባካሄደው ምርመራ የሙዚቃ አሳታሚው ሶኒ ቢኤምጂ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በ2005 ነበር፤ ለፕሮግራም ኃላፊዎች የመዝናኛ ጉዞና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ለጣቢያዎቹ ደግሞ ለአድማጮች ውድድር የሚሆን ሽልማት ሲቀርብ መቆየቱ የተረጋገጠው ሕጉ ከወጣ ከ45 ዓመት በኋላ ነው።

አባትሽ