የጦር ወንጀል ቅጣት የሚሸረሸረው የት ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«በጦር ወንጀል የሚፈረደው እስራት አነሰ» የሚል አቤቱታ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ዳኛው ላይ ነው። ዳኛውን ከመውቀስ በፊት ሕጉን ገልጦ ማየት ይሻላል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 270 በሲቪሎች ላይ ለሚፈጸም የጦር ወንጀል ቅጣቱ ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት፣ እጅግ ከባድ ሲሆን ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ጣሪያው አላነሰም። ወለሉን ግን ከአንቀጽ 539 ጋር አስተያዩት። ጎረቤቱን አስቦና ተዘጋጅቶ፣ በጭካኔ የገደለ ሰው ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ያልታጠቁ ገበሬዎችን አሰልፎ ያስረሸነው ግን በአንቀጽ 270 ሲከሰስ ከ5 ዓመት ሊጀመርለት ይችላል። ምክንያቱ ይህ አንድ አንቀጽ ግድያን፣ ማሰቃየትንና አስገድዶ መድፈርን ከንብረት መውረስ፣ የገንዘብን ዋጋ ሆን ብሎ ከማርከስም ጋር በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው። ለብር የታሰበው ወለል ለነፍስም ዋለ።

«እንግዲያው ሕጉ ይጥበቅ» ለሚሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 22 የከበደ ቅጣት ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ ይከለክላል። ዛሬ ወለሉ ወደ 15 ዓመት ከፍ ቢል እንኳ ቀድሞ የተፈጸመውን አይነካም። ላለፈው ያለን መሣሪያ «እጅግ ከባድ ሲሆን» የሚለው ሐረግ ነው፤ እሱም ማስረጃ ይፈልጋል። ዐቃቤ ሕግ ሟቾችን መቁጠሩ አይበቃም። የትጥቅ ግጭት እንደነበረና ግድያው ከዚያ ጋር እንደተያያዘ ማሳየት አለበት፦ የጦር ክፍሉ ስምሪት፣ የሬዲዮ መልእክት፣ የትዕዛዝ ሰንሰለት። ይህ ሲጎድል ክሱ ወደ ተራው የግድያ አንቀጽ 540 ሊወርድ ይችላል፤ ጣሪያውም 20 ዓመት ይሆናል። አዛዦችማ ይባስ። ትዕዛዝ የሰጠውን አንቀጽ 73 ይይዘዋል፤ እያወቀ ዝም ያለውን አዛዥ የሚይዝ ራሱን የቻለ ድንጋጌ ግን የለንም። የታችኛው ወታደር በበኩሉ «ታዝዤ ነው» ሲል አንቀጽ 74 ለማቅለል በር ይከፍትለታል።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ከፍርዱ በኋላ ያለው ነው። በአንቀጽ 202 መሠረት ፍርደኛ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ሲጨርስ አመክሮ፣ ማለትም ቀሪውን ሳይጨርስ በቅድመ ሁኔታ መፈታት፣ ሊያገኝ ይችላል። 15 ዓመት የተፈረደበት በ10 ዓመት ሊወጣ ይችላል፤ ፍርድ ሲጠብቅ የታሰረውም ይታሰብለታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰብዓዊነት ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ይቅርታና ምህረትን ዘግቷል፤ ስለ አመክሮ ግን ምንም አላለም። ውጤቱን አይተነዋል። የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ በግንቦት 2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ ከ1983 ጀምሮ ታስረው ስለነበር 20 ዓመቱ ሞልቷልና ብዙዎቹ በመስከረም 2004 በአመክሮ ወጡ። የመስቀል አደባባዩ የቀይ ሽብር ሙዚየም ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ስሌቱ ሕጋዊ ነው፤ ሞት ይፈረድ እያሉ የሚጮኹ ሰዎች ቢያስቡበት ደግ ነው።

አመክሮ ጨርሶ ይቅር አልልም። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትም ሁለት ሦስተኛው ሲያልቅ ቅጣቱን ይመረምራል። ልዩነቱ ምርመራው ላይ ነው። የኛው አንቀጽ 202 ፍርደኛው የሚቻለውን ያህል ጉዳቱን እንዲክስ ይጠይቃል፤ በውሳኔው ላይ የጉዳቱ መጠን ካልሰፈረ ግን ሐረጉ የሚጨብጠው የለውም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ገና ከጅምሩ የተቃጠለውን ቤት፣ የተነዳውን ከብት፣ የሟቹ አባወራ ያስገባ የነበረውን ገቢ በብር ተምኖ ያቅርብ። የአመክሮ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት ሲቀርብም ለተጎጂ ቤተሰቦች መጥሪያ ደርሷቸው ይደመጡ። ይህ የቅጣቱን መጠን ስለማይነካ አንቀጽ 22 የሚያግደው አይመስለኝም፤ በሚያዝያ 2016 የጸደቀውን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለማስፈጸም በሚወጡት ሕጎች ውስጥ በሁለት ንዑስ አንቀጽ ሊገባ ይችላል።

አንድ የወንጀል ሕግ ባለሙያ
ልደታ፣ አዲስ አበባ