ደብዳቤ ለልጄ፦ የሊንከን አዋጅ የማይደርስባቸው አውራጃዎች

ልጄ፣

የላክሽልኝን ጽሑፍ አነበብኩት። «ሊንከን በ1863 በአንድ ፊርማ ባርነትን አጠፋ» ያልሽውን ግን ማረም አለብሽ። (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል ያወጣው አዋጅ ነጻ ያላቸው ባመፁት የደቡብ ግዛቶች ያሉትን ባሮች ብቻ ነው። አዋጁን ራሱን አውጥተሽ እይው፤ የተተዉት ቦታዎች ተዘርዝረውልሻል። ከሉዊዚያና ኒው ኦርሊንስን ጨምሮ 13 አውራጃዎች፣ ከቨርጂኒያ በኋላ ዌስት ቨርጂኒያ የሆኑት 48 አውራጃዎች ተዘለዋል። ቴነሲ ስሟም አልተነሣ። ያላመፁት ኬንታኪ፣ ሜሪላንድ፣ ሚዙሪና ዴላዌርማ ከመነሻው አይመለከታቸውም።

ለምን? በሰላም ጊዜ ባርነት በየግዛቱ ሕግ የሚተዳደር ነገር ስለነበር ፕሬዚዳንቱ ሊነካው አይችልም። በጦር አዛዥነቱ ግን የጠላትን ጉልበት መንጠቅ ይችላል፤ ለአማፂው ምሽግ የሚቆፍረውም፣ ቀለብ የሚያመርተውም ባሪያው ነበርና። ስለዚህ ወረቀቱ የጦር ትእዛዝ ነው፤ ያላመፀ ጋ ሥራ የለውም። ጥቁሮች ወታደር እንዲሆኑ መፍቀዱንም አትዝለይው፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ወደ 180,000 የሚሆኑ ዘምተዋል።

ጃንዋሪ 1 ቀን ሊንከን የአዲስ ዓመት እንግዳ ሲጨብጥ ውሎ ክንዱ ዝሎ ነበር። ፊርማዬ ከተንቀጠቀጠ «አመነታ» ይሉኛል ብሎ ብዕሩን አስቀምጦ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈረመ።

የጦር ትእዛዝ ችግሩ ጦርነቱ ሲያልቅ ነው። ፍርድ ቤት ቢያፈርሰውስ? መፍትሔው ባርነትን እንዲከለክል ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ሆነ፤ 13ኛው ማሻሻያ የሚባለው ይህ ነው፤ ለዚያ ደግሞ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሴኔቱ በኤፕሪል 1864 በ38 ለ6 አሳለፈው። የተወካዮች ምክር ቤት በጁን 93 ለ65 ሆኖበት ወደቀ፤ አብላጫ ነው፣ ግን 13 ድምፅ ይጎድለዋል። በጃንዋሪ 31 ቀን 1865 እንደገና ቀርቦ 119 ለ56 አለፈ። የሚያስፈልገው 117 ነበር፤ በሁለት ድምፅ ተረፈ ማለት ነው።

ከዚያ ከ36ቱ ግዛቶች 27ቱ ማጽደቅ ነበረባቸው። 27ኛዋ ጆርጂያ ዲሴምበር 6 ቀን 1865 አጸደቀች፤ ሊንከን ከተገደለ ወራት አልፈው ነበር። ሜሪላንድና ሚዙሪ ቀድመው በራሳቸው ሕግ ፈትተዋል፤ በኬንታኪና በዴላዌር የቀሩት ባሮች በሕግ ነጻ የወጡት ግን ያኔ ነው።

13ኛውን ማሻሻያ ስትጠቅሺ «በወንጀል ለተፈረደበት ቅጣት ካልሆነ በቀር» የምትለዋን ሐረግ እንዳትቆርጪያት። ደቡቦቹ ወዲያው ሥራ ፈትነትን ወንጀል አደረጉ፤ መቀጫውን መክፈል ያቃተውን ጥቁር ለእርሻ ባለቤት ያከራዩት ጀመር።