ጉዳዩ፦ ከወረቀቱ መጽሐፍ በላይ ስለተጠየቅሁበት የኢ-ቡክ ዋጋ

ለአሳታሚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። መጻሕፍታችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ማክሰኞ የወጣውን አዲሱን ልቦለዳችሁን በኢ-ቡክ (በስክሪን በሚነበብ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ) 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ገዛሁ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ድረ ገጽ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የወረቀቱ መጽሐፍ 13 ዶላር ከ50 ይሸጥ ነበር። ለሻጩ ደወልኩ። "የኢ-ቡኩን ዋጋ የሚወስነው አሳታሚው ነው፤ እኛ መቀነስ አንችልም" አሉኝ። ለዚህ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

ታዲያ ለምን የወረቀቱን አልገዛህም ትሉኝ ይሆናል። ዓይኔ ደክሟል። ፊደሉን ካላጎላሁት ከሁለት ገጽ በላይ አልዘልቅም። ኢ-ቡክ ለእኔ ቅንጦት አይደለም።

ወጪያችሁ ወረቀትና ቀለም ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ደራሲው ይከፈለው፤ አርታኢውም ይከፈለው። በዚህ ቅር አይለኝም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ ለእህቴ እሰጣታለሁ። እሷ ደግሞ ለጎረቤቷ ታውሳለች። ሲሰለቸን እንሸጠዋለን። ኢ-ቡኩን ግን ማዋስም መሸጥም አልችልም። በእጄ ያለው የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ይህንንም ያወቅሁት ያን ረጅም የውል ጽሑፍ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው። እና የራሴ ለማይሆነው ከራሴ ከሚሆነው በላይ ከፈልኩ።

ቅሬታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አምስት ትልልቅ አሳታሚዎች ኢ-ቡክም ከሚሸጠው የቴክኖሎጂ ኩባንያ ከአፕል ጋር ተዋውለው፣ 9.99 ዶላር ይሸጡ የነበሩ አዳዲስ ኢ-ቡኮች 12.99 እና 14.99 ሲገቡ አንባቢው ምን ያህል እንደተቆጣ አስታውሳለሁ። በ2013 ፍርድ ቤት አፕል ዋጋ ለማስወደድ ከአሳታሚዎቹ ጋር ተመሳጥሯል ብሎ ፈረደ። በ2016 በዚያው ጉዳይ ለእኔም ጥቂት ዶላር ተመልሶልኛል። እናንተን በዚያ አልወቅስም። ግን አንባቢው ያንን ጊዜ አልረሳም።

ልዩነቱ 1 ዶላር ከ49 ሳንቲም ነው፤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ከዚህ በኋላም የኢ-ቡኩ ዋጋ ከወረቀቱ መሸጫ እንዳይበልጥ አድርጉ። ደግሞ ማዋስን ፍቀዱልን። ከዚህ በፊት አንዳንድ መደብሮች፣ አሳታሚው ከፈቀደ፣ አንድ ኢ-ቡክ ለ14 ቀን ለሌላ ሰው ማዋስ ይፈቅዱ ነበር። እህቴ ይህን ልቦለድ ለማንበብ 14 ቀን ይበቃታል።

መልሳችሁን በኢሜይል እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ