የግብርና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ስንት ሳንቲሜትር ይቀበር?

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ጥያቄ ይዞ ነው ዓመቱን የዘለቀው። ስኳር ድንች፣ ጎደሬና ካሳቫ ሲተከሉ ምን ያህል ወደ ታች ይግቡ? ልጆቹ መጀመሪያ የፈለጉት አንድ ቁጥር ነበር። ለሦስቱም የሚሆን ቁጥር ግን የለም። ምክንያቱን ቆፍረው ራሳቸው ደረሱበት፤ እኔን ደስ ያለኝም ይኸው ነው።

የስኳር ድንቹንና የጎደሬውን መደብ በ5፣ በ10 እና በ20 ሳንቲሜትር ከፈልነው። ውሃው፣ ኮምፖስቱና የተክሎቹ ርቀት አንድ ዓይነት ሆነ። ጥልቀቱ ብቻ ተለያየ።

ቶሎ ስለሚደርስ ብዙ ያስተማረን ስኳር ድንቹ ነው። የሚተከለው 30 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ የሐረግ ቁራጭ ነው። ድንች የሚሆኑት ሥሮች በብዛት የሚወጡት ከአንጓው፣ ማለትም ቅጠሉ ከሐረጉ ከሚወጣበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ስንት አንጓ አፈር ገባ የሚለው ነው። በ5 የተተከለው አንድ ሁለት አንጓ ብቻ ስለተቀበረለት ፀሐይ ስትበረታ ጠወለገ። በ10 የተተከለው ሦስት አራት አንጓ አግኝቶ ደህና ያዘ። የ20ውም ቅጠሉ አማረ፤ ድንቹ ግን ጠልቆ ስለነበር ሲወጣ ብዙው በመቆፈሪያ ተቆረጠ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንዱን ተክል ሳትበጥስ አውጥታ አፈሩን በጥርስ ብሩሽ አራገፈችው። ድንቾቹ ከየአንጓው ተንጠልጥለው ታዩ። ሁሉም ከቧት አንጓ መቁጠር ጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም “ስንት ሳንቲሜትር?” አላለም፤ “ስንት አንጓ?” ሆነ ጥያቄው።

ነቀዝም አለ። የስኳር ድንች ነቀዝ አፈር የመቆፈር አቅም የለውም። ድንቹ ጋ የሚደርሰው በተሰነጠቀ መሬት ነው። ልጆቹ ይህን ካወቁ ወዲህ ስንጥቁን የሚደፍነውን አፈር ማስታቀፍ፣ ማለትም አፈሩን ወደ ተክሉ ሥር መከመሩን፣ ማንም ሳያዛቸው ይሠሩት ነበር።

ጎደሬ ሌላ ነው። የሚያብጠው ሥሩ ሳይሆን ግንዱ ነው፤ የሚያድገውም ከተተከለው ቁራጭ በላይ፣ ወደ ላይ ነው። በ5 የተተከለው አናቱ ከአፈር ብቅ አለ። ስለዚህ ጎደሬን ጠለቅ አድርጎ መትከል፣ ቆየት ብሎም ማስታቀፍ ያዋጣል።

ካሳቫውን በ20 አልሞከርነውም። የሚተከለው የግንድ ቁራጭ ራሱ 25 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ጥልቀቱ ከአተካከሉ ጋር ይያያዛል። ግማሹን አጋድመን በ10 ቀበርነው። ግማሹን ዓይኑን ወደ ላይ አድርገን አቆምነውና እስከ ወገቡ አፈር አለበስነው። የተጋደመው ብዙ ቡቃያ አወጣ፤ ሥሩም ላይ ላዩን ስለሚሄድ ሲደርስ ለመንቀል ይቀላል። የቆመው ፈጥኖ ነው የበቀለው። ሥሩ ጠለቅ ስለሚል ነፋስም በቀላሉ አይጥለውም።

ታዲያ ሁሉንም ጠለቅ አድርገን ብንተክልስ? ቡቃያው ብርሃን እስኪያይ የሚኖረው ቁራጩ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው። መንገዱ ሲረዝም ስንቁ ያልቃል። ውሃ በሚቋጥር ጭቃማ መሬት ደግሞ ከታች አየር ስለሚያንስ የካሳቫ ግንድ ይበሰብሳል። አሸዋማ መሬት ላዩ ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ጠለቅ ማድረግን ይፈልጋል።

ካሳቫው ገና አልደረሰም። ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈልጋል። የሚያወጡት የመጪው ዓመት አባላት ናቸው። መደቡ ላይ የተተከሉትን የእንጨት ምልክቶች እባካችሁ አትንቀሉብን። የመለኪያ ደብተሩ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚለካው የሥሩ ርዝመት፣ ከዚያ ክብደቱ ነው።